አስራ አንድ ድርብ ክቦች

እማማ ኡሜኖ ያን ቀን ዞር ባይሉ ኖሮ ምንም አያውቁም ነበር።

ልማዳቸው አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ቺሳቶ ከትምህርት ቤት ትመለሳለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ትመጣና ከአያቷ ጀርባ ካለችው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ፊት ተንበርክካ ታነባለች። ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ። ኡሜኖ ምድጃው ጋ ቆመው ባሮ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ሾርባውን ያማስላሉ፣ ያዳምጣሉ። ስታበቃ እጃቸውን በሽርጣቸው ያብሱና የንባብ ካርዷን ይሞላሉ። ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ልጅ የሚሰጠው ካርድ ነው። ልጁ በየቀኑ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሰማው ሰው በቀይ እርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ የቤቱን ማህተም ይመታል። ሶስት ማዕዘን ከሆነ ገና ይቀራል ማለት ነው። ክብ ከሆነ ደህና ነው። ክብ ውስጥ ሌላ ክብ ካለበት፣ ድርቡ፣ እሱ እጅግ በጣም ጥሩ ነው።

ኡሜኖ ትምህርት ከተከፈተበት ከሚያዝያ ጀምሮ ከድርብ ክብ ሌላ አድርገው አያውቁም። ምን ብለው ያድርጉ? ልጅቱ ስታነብ አትደናቀፍ፣ አትቆም፣ ሸርጣኑ ሲናገር በቀጭን ድምፅ፣ ፋኖሱ ሲናገር በወፍራም ድምፅ ነው።

ያን ቀን ሽንኩርቱ ዓይናቸውን አቃጠላቸውና ፎጣ ሊያነሱ ዞር አሉ። ቺሳቶ የሸርጣኑንና የፋኖሱን ታሪክ እያነበበች ነበር። ሸርጣኑ የመብራት ማማውን ደረጃ የሚወጣበት ቦታ ደርሳለች፤ መጽሐፋቸው የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነውና ጣቷ በመስመሩ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። የተገለጠው ገጽ ላይ ግን ሸርጣን የለም። ፋኖስም የለም። እዚያ ያለው የሩዝ ችግኝ አተካከል ነው፤ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ያሉ ሰዎች ተስለውበታል።

"ሸርጣኑም፣ 'ጋሽ ፋኖስ፣ ዛሬ ለምን አልበሩም?' አለው" አለች ቺሳቶ፣ ጣቷን ስለ ችግኝ በሚያወራው መስመር ላይ እያሳለፈች።

ኡሜኖ ቢላዋውን እንደያዙ ቆሙ።

"ጨረስኩ! እንዴት ነበር አያቴ?"

"ጥሩ... ጥሩ ነው።"

"ድርብ?"

"ድርብ" አሉ ኡሜኖ። እርሳሱን አንስተው አደረጉላት። ማህተሙንም መቱ። ማህተሙ ተንጋደደ።

በማግስቱ እንደ ዋዛ አድርገው ሞከሯት። "እስቲ ዛሬ ደግሞ ይቺን" ብለው መሃል ላይ አንድ ገጽ ገለጡ። ቺሳቶ ገጹን አየች። አያቷን አየች። ከዚያ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ሆዴን አመመኝ" ብላ ሽንት ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ስትወጣ ፊቷ ወረቀት መስሎ ነበር። እውነትም አሟታል፤ ውሸት አልነበረም። ኡሜኖን ያስፈራቸው ይሄ ነው።

ኡሜኖ ኢሳሙ የሚባል ወንድም ነበራቸው። ለእሱም ፊደል አልገባ ብሎት ነበር። በዚያ ዘመን አስተማሪው ውሃ የሞላ ባልዲ አስይዞ ኮሪደር ላይ ያቆመዋል፤ ልጆቹ በአጠገቡ ሲያልፉ "ባልዲው፣ ደህና አደርክ?" ይሉታል። እናታቸው ታውቅ ነበር፣ አባታቸውም ያውቅ ነበር፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። በአስራ አምስት ዓመቱ የዓሣ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ። ደብዳቤ እንኳ አይጠበቅ ነገር፣ በምን እጁ ይጽፋል? የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አይታወቅም። አሁን ያ ኢሳሙ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተንበርክኮ ያዩት መሰላቸው።

ለማን ይንገሩ? ለልጃቸው ለማሳዮ? ማሳዮ ባሏን ከፈታች ወዲህ ዓሣ ፈጭተው እንደ ቂጣ የሚያበስሉበት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ወጥታ ስትመለስ ቁጭ ባለችበት ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ለመምህሯ ይንገሩ? ልጅቱን ለይተው ሌላ ክፍል ያስገቧታል። ስም ይወጣላታል። የወጣላት ስም እስከ ስድስተኛ ክፍል ይከተላታል። ደግሞስ ያን ሁሉ ድርብ ክብ ያደረገው ማነው?

ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ሲሉ አስራ አንድ ቀን አለፈ። አስራ አንድ ድርብ ክብ። ከዚያ በፊት ያሉት ባለማወቅ ነበሩ፤ እነዚህን ግን እያወቁ ነው ያደረጓቸው።

"እማዬ፣ ቺሳ ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች፣ አይተሻል?" አለች ማሳዮ አንድ ቀን እራት ላይ።

"ዝናቡ ነው።"

"ዝናብ ጥፍር ያስበላል?"

"ልጅ ቤት ሲውል ይሰለቸዋል። ብዪ ብዪ፣ ሾርባው ቀዘቀዘብሽ።"

በዘጠነኛው ቀን የወላጆች ቀን ወረቀት መጣ። ዓርብ ዕለት ወላጆች ክፍሉ ኋላ ቆመው ትምህርቱን ይመለከታሉ። ቺሳቶ ወረቀቱን ለአያቷ ሰጠችና ጫማዋን እያየች፣ "መምህርት ኩዋባራ እያንዳንዳችን ተነስተን እናነባለን ብላለች" አለች። "የሸርጣኑን ግን አይደለም። አዲስ ነው። የትኛውን እንደሆነ እዚያው ነው የምትሰጠን።"

እዚያው ነው የምትሰጠን። ኡሜኖ ይቺን ቃል ይዘው ሶስት ቀን አልተኙም። ልጅቱ ትነሳለች፤ አዲሱ ወረቀት እጇ ላይ ይሆናል፤ ከኋላዋ የሰፈሩ እናትና አባት ሁሉ ተሰልፏል፤ ዝም ትላለች። አንዱ ልጅ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አትወድም። ይሄ እንደሚሆን በዓይናቸው ያዩት ያህል እርግጠኛ ነበሩ።

ዓርብ ጠዋት ማሳዮ "በአራት ሰዓት ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ፣ ቦታ ያዢልኝ" ብላ ከወጣች በኋላ፣ ኡሜኖ ቁርጥ አደረጉ። ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚጻጻፉበትን ደብተር አወጡ። የታመመ ልጅ ካለ በዚያ ደብተር ላይ ተጽፎ፣ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ልጆች አሰልፋ ለምትወስደው ትልቅ ልጅ ይሰጣል፤ እሷ ለመምህሩ ታደርሳለች። ኡሜኖ ብዕሩን ይዘው ተቀመጡ። "ቺሳቶ ትኩሳት አላት፣ ሠላሳ ሰባት ከስምንት" ብለው ጻፉ። ይሄ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ሲዋሹ ማሳጠር አይችሉበትም። ስለ ዝናቡ ጻፉ፤ ስለ ሳል ጻፉ፤ ይቅርታ ሶስት ጊዜ ጠየቁ፤ ገጹ ሞላ። እየጻፉ እያለ እንባቸው መጣ።

ቀና ሲሉ ቺሳቶ በሩ ላይ ቆማለች።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"ለመምህርሽ ነው።"

"ስለ እኔ?"

"ስለ አንቺ ነዋ፣ ስለ ማን ይሆናል? ዛሬ አትሄጂም። ግቢ፣ ተኚ።"

ልጅቱ የሞላውን ገጽ አየችው። የአያቷንም እርጥብ ዓይን አየች። ከዚያ ገባች።

አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ልጆቹ ዣንጥላ ይዘው ማዕዘኑ ላይ ተሰለፉ። ኡሜኖ ወጥተው ደብተሩን ለናጊሳ ሰጧት። ናጊሳ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ የሰልፉ መሪ በመሆኗ የፖሊስ አዛዥ ያህል የምትኮራ ልጅ ናት።

"ቺሳቶ ታመመች እንዴ እማማ?"

"ትኩሳት ነው። ለመምህርቷ በእጇ ስጪልኝ።"

"በእጇ እሰጣለሁ። ዝናብ አላስነካውም። ሂዱ ሂዱ፣ መስመር ያዙ! አንተ ኩሬውን ተው!"

ኡሜኖ ገብተው የሩዝ ገንፎ ጣዱ። ያልታመመ ልጅ ለምን ገንፎ እንደሚያስፈልገው አላሰቡበትም፤ ውሸቱን ሳይታወቃቸው ራሳቸው አመኑት። ጨው የበላ ፕሪም ጣል አድርገውበት፣ ሳህኑን ይዘው የመኝታውን ተንሸራታች በር ከፈቱ።

ፍራሹ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ተገልጧል።

"ቺሳ?"

ሽንት ቤቱ ክፍት ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የለችም። ውጭ በር ላይ የልጅቱ ጫማዎች እንዳሉ ናቸው፤ የሌለው የኡሜኖ የጓሮ ነጠላ ጫማ ነው። ዣንጥላዋም አለ፣ የጀርባ ቦርሳዋም አለ። ልጅ አደጋ ሲገጥመው ስቦ የሚያስጮሃት ማንቂያም እዚያው ቦርሳው ላይ ተንጠልጥላለች።

ገንፎው ከእጃቸው ወደቀ። መውደቁንም አላወቁም።

ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ወደ ሩዝ ማሳዎቹ የሚወርደው ቦይ እስከ አፉ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይጋልባል። ኡሜኖ ወደ ቦዩ አላይም ብለው እየሮጡ ወደ ቦዩ ብቻ ነበር የሚያዩት። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሲሮጡ ጉልበታቸው ይንቋቋል። በእያንዳንዱ እርምጃ "አደራ፣ አደራ" ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉት አያውቁም።

ማቋረጫው ላይ ጋሽ ቶኩጂ ቢጫ ባንዲራቸውን ይዘው ቆመዋል። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ልጆች የሚያሻግሩ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። አጠገባቸው ናጊሳ እጇን ይዛ ታለቅሳለች፤ ትንንሾቹ ልጆች ከበዋታል።

"ነከሰችኝ!" አለች ናጊሳ ገና ኡሜኖን ስታይ። "እማማ፣ ልጅዎ ነከሰችኝ! ደብተሩን ስጪኝ አለችኝ፣ አይሆንም፣ ለመምህርቷ ነው አልኳት። ነክሳኝ ነጥቃኝ ሮጠች! ትኩሳት አላት ብለውኝ አልነበር? ትኩሳት ያለው ሰው እንደዚያ ይሮጣል?"

"ወዴት? ወዴት ሮጠች?"

"ወደዚያ። ወደ ቦዩ የውሃ መዝጊያ በር።"

ኡሜኖ ወደዚያው ሊሮጡ ሲሉ ጋሽ ቶኩጂ በክንዳቸው ያዟቸው።

"እትዬ ኡሜኖ፣ አይዞዎት። አሁኑኑ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ እደውላለሁ፣ በድምፅ ማጉያው ይናገራሉ፣ ሰው ሁሉ ይፈልጋል። ምንድን ነው የለበሰችው?"

ኡሜኖ አፋቸውን ከፈቱ።

ምንድን ነው የለበሰችው? ጠዋት በሩ ላይ ቆማ አይተዋታል። አናግረዋታል። ልብሷ ቀይ ይሁን ነጭ፣ ፒጃማ ይሁን ቀሚስ፣ ሊመጣላቸው አልቻለም። የሚመጣላቸው ድምፅ ብቻ ነው፤ ከጀርባቸው የሚወርድ ያ የሸርጣን ቀጭን ድምፅ።

"አላውቅም" አሉ። "ቶኩጂ፣ አላውቅም!" ብለው ወደ ውሃ መዝጊያው ሮጡ።

የቦዩ ዳር መንገድ ጠባብ ነው፣ ሣሩ ያንሸራትታል። መሃል መንገድ ላይ ነጠላ ጫማቸውን አገኙት፤ አንዱን ብቻ፣ ጭቃው ውስጥ ተገልብጦ፣ ከውሃው አንድ ስንዝር ላይ። አነሱት። ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት። "ቺሳ!" ብለው ጠሩ። ውሃው ብቻ ነው የሚጮኸው። ያን ጊዜ በልባቸው ያሉትን ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ አታንብብ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንዲት ፊደል አታንብብ፣ ብቻ ትኑርልኝ ነበር ያሉት።

ከውሃ መዝጊያው አጠገብ የፓምፕ ቤት አለ። ከክፈፉ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቺሳቶ ቁጭ ብላለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ዝናብ እንዳያገኘው ጎንበስ ብላ ጣቷን ከላይ ወደ ታች ታሳልፋለች።

ኡሜኖ አጠገቧ ጭቃው ላይ ዘፍ አሉ።

ልጅቱ ቀና አላለችም። "አያቴ" አለች። "ደደብ የሚለው የቱ ጋ ነው?"

"ምን አልሽ?"

"ደደብ ናት ብለሽ የጻፍሽው። ፈለግኩት፣ አጣሁት። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ እኮ፣ አንድ አንዱን ሲጠይቁኝ አውቃለሁ። አንድ ላይ ሲሰለፉ ነው ማን ማን እንደሆነ የሚጠፋኝ። መምህርት ስታነብ እሰማና እይዘዋለሁ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ንገሪኝ፣ የቱ ጋ ነው? ልቀደው።"

"እንደዚያ የሚል የለም። የኔ እናት፣ እንደዚያ የሚል የለም።"

"እሺ አንብቢልኝ።"

ኡሜኖ አነበቡ። ሌላ ምን ያደርጋሉ? ሠላሳ ሰባት ከስምንት የሚለውን፣ ሳሉን፣ ሶስቱን ይቅርታ፣ ሁሉንም አነበቡላት።

ቺሳቶ ግንባሯን በመዳፏ ነካች። "ትኩሳት የለኝም።"

"የለሽም።"

"ሳልም የለኝም።"

"ዋሽቼ ነው።"

"ትልቅ ሰው ሆነሽ?" አለች ልጅቱ በመገረም። "ለምን?"

"ፈርቼ።"

"እኔ ነኝ የምነሳው። አንቺ ምን ያስፈራሻል?"

ኡሜኖ ሊመልሱላት ሲሉ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸና በሰፈሩ ሁሉ ላይ የሴት ድምፅ ተሰማ። ስሟ ቺሳቶ የሆነ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ጠፍታለች። ወደ ቦዩ አቅጣጫ ስትሮጥ ታይታለች። የለበሰችው ልብስ አይታወቅም። ያያት ሰው...

ቺሳቶ አፏን ከፍታ አዳመጠች። "እኔን ነው?"

"አንቺን ነው።"

"አይታወቅም ትላለች! ሰማያዊ ፒጃማ ነው እኮ። ዳክዬ ያለበት። አንቺ ነሽ የገዛሽልኝ።"

ኡሜኖ ፒጃማውን አዩት። ሰማያዊ ነው። ዳክዬዎች አሉበት። ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ልቅሶ ልጅቱን አስደነገጣት፤ በትንሽ እጇ ጀርባቸውን ትመታቸው ጀመር።

ሲረጋጉ ከሽርጣቸው ኪስ ያን ቀይ እርሳስ አወጡ። አዲስ ገጽ ገለጡና፣ "እየጻፍኩ አነብልሻለሁ። ጣትሽን እዚህ አድርጊ" አሉ። ቃል በቃል ጻፉ፣ ቃል በቃል አነበቡ። "ቺሳቶ፣ ታሪኮቹን፣ የምትይዘው፣ በጆሮዋ፣ ነው። ማንበብ፣ ገና፣ ይቸግራታል። እኔ፣ አስራ አንድ፣ ቀን፣ አውቄ፣ ደበቅኩ። ምን፣ እናድርግላት?"

"አስራ አንድ ቀን?" አለች ቺሳቶ። "የችግኙ ጊዜ አይተሽ ነበር ማለት ነው? ድርብ አድርገሽልኝ?"

"አድርጌልሽ።"

ልጅቱ አሰበችበት። "ስጪው በቃ" አለች በመጨረሻ። "ሁልጊዜ በጆሮ መያዝ ያደክማል።"

ትምህርት ቤቱ መግቢያ፣ የጫማ ሣጥኖቹ ጋ፣ መምህርት ኩዋባራ ደብተሩን ቆማ አነበበችው። ወጣት ናት፤ እያነበበች ጆሮዋ ቀላ።

"እማማ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ" አለች። "ክፍል ውስጥ ሳስነሳት ዝም ትላለች። ካርዷን አያለሁ፣ ሁልጊዜ ድርብ ክብ። እንግዲህ ዓይን አፋር ናት ብዬ ዛሬ ብቻዋን መጀመሪያ ላስነሳት ነበር። እንድትደፍር ብዬ።"

ኡሜኖ የጫማ ሣጥኑን ያዙ።

"አላስነሳትም" አለች መምህርት ቶሎ ብላ። "ዛሬ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ላይ ያነባል። ሰኞ ደግሞ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እንዲህ የሚቸግራቸውን ልጆች የምታስተምር ባልደረባ አለችን። ግን ከቤት ያለውን እውነት ካላወቅን ምን እናደርጋለን? ካርዱ እኛን ለማስደሰት አይደለም እኮ እማማ።"

"ሌላ ክፍል... ስም ይወጣላታል?"

መምህርት ወደ ቺሳቶ አየች። "እንዳይወጣላት እጠብቃታለሁ። ቃል መግባት የምችለው እሱን ነው።"

ኡሜኖ ይቺ መልስ አላጽናናቻቸውም። ግን ኢሳሙን እጠብቀዋለሁ ያለው አንድም ሰው እንዳልነበረ አሰቡ።

ያን ጊዜ በሩ በኃይል ተከፈተ። ማሳዮ ናት፤ የፋብሪካውን ነጭ ቦት ጫማ እንዳደረገች፣ ፀጉሯ በመረብ እንደታሰረ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተች። ድምፅ ማጉያው ፋብሪካው ውስጥም ተሰምቷል፤ ማቋረጫው ላይ ጋሽ ቶኩጂ ወደዚህ ልከዋታል። ልጅቱን አንስታ አቀፈቻት። ደብተሩን ከመምህርት እጅ ወስዳ በልጅቱ ትከሻ ላይ አሻግራ አነበበች።

"አስራ አንድ ቀን" አለች። "እማዬ። አስራ አንድ ቀን አብረን እራት ስንበላ።"

ኡሜኖ ጎንበስ አሉ።

"ዝናቡ ነው አልሽኝ!"

"ልጄ፣ ደክሞሽ ነበር..."

"ደክሞኝ ነበር፣ አልሞትኩም! ልጄ ናት!" ዓይኗ እናቷ እስካሁን ደረታቸው ላይ አስጠግተው በያዙት ጭቃማ ነጠላ ጫማ ላይ ሲያርፍ የቀረውን ቁጣዋን ዋጠችው፤ ግን በዚያ ቀን እናቷን ደግማ አላናገረቻቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ኡሜኖ ምድጃውን አጥፍተው ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማሳዮ በሩ ላይ ሆና ልብስ ታጥፋለች፤ አሁንም ዝም እንዳለች ነው። የሩዝ ችግኙ ገጽ ተገለጠ። ኡሜኖ አንድ መስመር ያነባሉ፣ ቺሳቶ ጣቷን አድርጋ ትከተላለች። ቀጭን ድምፅም ወፍራም ድምፅም የለም። ሶስት መስመር ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ልጅቱ ላብ በላብ ሆነች። አራተኛው መስመር ላይ አንዲት ቃል ብቻዋን አወጣች፤ "ጭቃ" አለች፤ ደንግጣ ደገመችው።

ካርዱን አወጡ። ኡሜኖ እርሳሱን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ሶስት ማዕዘን አደረጉ፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን፤ አንዱ ጎኑ ተንሻፈፈ። ማህተሙን መቱ።

ቺሳቶ ካርዱን አቅርባ አየችው። "ይሄ የእውነት ነው?"

"የእውነት ነው።"

"እሺ።" ካርዱን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ከዚያ ድንገት፣ "አሁን አንቺ። ዓይንሽን ጨፍኚ" አለች። "ምንድን ነው የለበስኩት?"

ኡሜኖ ጨፈኑ። ጨለማው ውስጥ ያ ቡናማ ውሃ መጣባቸው። እስኪያልፍ ጠበቁ።

"ቢጫ ሹራብ" አሉ። "የግራ እጅጌው ክር ተመዟል። ግራጫ ሱሪ። ካልሲሽ ሁለቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ጥፍርሽን ደግሞ ዛሬም በልተሻል፣ የአውራ ጣትሽን።"

"ጥፍር ልብስ አይደለም!" አለች ቺሳቶ።

በሩ ላይ ማሳዮ ልብስ ማጠፏን አቁማ፣ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን አየቻቸው።